ማዳፈን ወይስ መክደን? የወባ ዘመቻና የሁለት ትንኞች ጉዳይ

ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት በነበረው በ2023 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 4.1 ሚሊዮን ነበር። በሽታው ባገረሸ ቁጥር የሚሰማው ጥሪ አንድ ዓይነት ነው፦ «ኅብረተሰቡ ያቆረ ውሃ ያፋስስ፣ ያዳፍን፣ አጎበር ይጠቀም።» አካፋና ዶማ ይወጣል፣ ቀበሌው ተሰብስቦ አንድ ቅዳሜ ይሠራል፣ ፎቶ ይነሣል። ወባው በማግሥቱ ዓመት ሲመለስ ደግሞ ጥፋቱ «የግንዛቤ ማነስ» ተብሎ በሕዝቡ ላይ ይላከካል።

ነገሩ ከዚህ ይወሳሰባል። ግጭት የጤና ኬላዎችን ዘግቷል፣ የዝናቡ ወቅት ተዛብቷል፣ ትንኞች መድኃኒቱን ተላምደዋል፣ የውጭ ዕርዳታም በ2025 መጀመሪያ በድንገት ተቀንሷል። እነዚህ ሁሉ ከአንድ ቀበሌ አቅም በላይ ናቸው። በቀበሌው እጅ ባለው ሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣ ጥያቄ አለ፦ ሕዝቡ እንዲሠራ የሚጠየቀው ነገር እዚያ አካባቢ ካለችው ትንኝ ጠባይ ጋር ይገጥማል ወይ?

የገጠሯና የከተማዋ

በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ ናት። እንቁላል የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው፣ ጥልቀት በሌለው፣ ጊዜያዊ ውሃ ላይ ነው፦ የከብት ኮቴ ያጎደጎደው ጭቃ፣ የጡብ አፈር የወጣበት ጉድጓድ፣ ከመስኖ ቦይ የሚያፈስ ውሃ፣ ክረምቱ ሲወጣ ወንዝ ሸሽቶ የሚተወው ኩሬ። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ የሐምሌ ጎርፍ ዕጮቹን (ከእንቁላል ወጥተው ውሃ ውስጥ የሚያድጉትን ገና ያልበረሩ ትንኞች) ጠራርጎ ይወስዳል፣ የመስከረም ፀሐይ ግን የቀረውን ውሃ ሞቅ አድርጎ ያቆይላቸዋል።

ሁለተኛዋ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው በ2012 በጅቡቲ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ከዚያ ወዲህ በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በጋና ታይታለች። ይቺኛዋ ኩሬ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ በሶማሌ ክልል ቢርካ የሚባለው የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ፣ ለግንባታ ፕላስቲክ ተነጥፎበት ውሃ የሚሞላ ጉድጓድ ይበቃታል። ዝናብ ባይኖርም ሰው ውሃ እስካጠራቀመ ድረስ ትራባለች። ስለዚህ «ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ነው፣ የሚመጣውም ከክረምት በኋላ ነው» የሚለው የቆየ ልማድ ለእሷ አይሠራም።

ጅቡቲ በ2012 የመዘገበችው 27 ሕሙማን ነበር፤ በ2020 ከ73,000 አልፏል። ለዚህ ጭማሪ ሌሎች ምክንያቶችም ይጠቀሳሉ፤ የስቴፈንሲ ድርሻ ግን ትልቅ እንደሆነ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ሕሙማን ነበሯት፤ በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ብቻ ከ2,400 በላይ ሆኑ፣ ያውም በበጋ። እዚያ የተደረገው ምርመራ የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በስቴፈንሲ ትንኞች ውስጥ አግኝቷል፤ የታመሙት ሰዎች መኖሪያም ዕጭ ከተገኘባቸው የውሃ ማጠራቀሚያዎች አጠገብ ነበር።

ለዘመቻ የሚወጣው ሰው አካፋ ይዞ ቦይ ዳር ሲቆፍር የስቴፈንሲ ዕጭ በየግቢው በርሜል ውስጥ እያደገ ነው ማለት ነው።

የሰባት ቀን ሥራ

የትንኝ እንቁላል በራሪ ትንኝ እስኪሆን በሞቃት ቦታ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጅበታል፤ ቅዝቃዜ ባለበት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። የቁጥጥር ሥራ ሁሉ መለኪያው ይህ ነው። ውሃን በሳምንት አንድ ጊዜ ማየት ዑደቱን ይሰብራል። በ15 ቀን አንድ ጊዜ መሥራት ግን በመካከል አንድ ትውልድ ሙሉ አድጎ እንዲበር ይፈቅዳል። በወር አንዴ የሚደረግ ዘመቻ፣ የቱንም ያህል ሰው ቢወጣበት፣ በትንኟ ቁጥር ላይ የሚያሳየው ለውጥ እምብዛም ነው። ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ ቢሠሩት፣ ሁለት መቶ ሰዎች በዓመት ሁለቴ ከሚሠሩት ይበልጣል።

አሠራሩ ራሱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉት። ወደ ውሃው ሲጠጉ ጥላ እንዳያርፍበት ፀሐይን ከፊት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጥላና መናወጥ ሲሰማቸው ዕጮቹ ወደ ታች ይሰምጣሉና። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ፣ ነጭ ኩባያ ወይም ጭልፋ ከዳር በኩል በዝግታ ዘንበል አድርጎ መቅዳት ነው። የአኖፌለስ ዕጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ የሌሎቹ ትንኞች ዕጭ ግን በጅራቱ በኩል ባለው መተንፈሻ ቱቦ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ታች ይደፋል። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል።

ዕጭ የተገኘበትን ውሃ ሲደፉ ደረቅና ፀሐይ የሚመታው መሬት ላይ ይሁን። ወደ ቦይ ወይም ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ከተደፋ ዕጩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልሞተም። ኩሬ ሲዳፈንም አፈሩ ከዙሪያው መሬት ከፍ ብሎ መደልደል አለበት። አዲስ አፈር ይሰጥማልና ልክ በልኩ የተሞላ ጉድጓድ ከሁለት ዝናብ በኋላ ተመልሶ ውሃ ይይዛል። አፈሩ የተቆፈረበት ቦታ ሌላ ጉድጓድ መሆኑም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው።

ማስረጃው ምን ይላል?

የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል ለሚሉት ጥሩ ምሳሌ ትግራይ ውስጥ አለ። በ1990ዎቹ እዚያ በርካታ ትንንሽ የመስኖ ግድቦች ተሠሩ። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴድሮስ አድኃኖም የመሩትና በ1999 የታተመ ጥናት በግድቦቹ አጠገብ የሚኖሩ ልጆች በወባ የመያዝ መጠን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ እንደሚሆን አሳየ። ከዚያ በኋላ በደባ መንደር ነዋሪዎች ከግድቡ ሥር የሚሰርገውንና ከመውጫው የሚያፈሰውን ውሃ እንዲያፋስሱ፣ ጉድጓዶቹን እንዲደፍኑ ተደረገ። የአራቢየንሲስ ትንኞች ቁጥር ሥራው ካልተሠራበት መንደር ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። የዚህ ውጤት ሚስጥር የውሃው ምንጭ አንድ መሆኑ ነው፦ ግድቡ። የት እንደሚቆፈር ሁሉም ያውቃል።

የታንዛኒያዋ ዳሬሰላም ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። ከ2004 ጀምሮ በተቋቋመው የከተማ ወባ መከላከያ ፕሮግራም የየሰፈሩ አስተዳደር ከነዋሪዎች መካከል ሰዎችን መረጠ፤ እነሱም መጠነኛ ክፍያ እያገኙ ውሃ ያለበትን ቦታ በየሳምንቱ መዘገቡ፣ ቢቲአይ የተባለውን የዕጭ ማጥፊያ ባክቴሪያ ረጩ። ቢቲአይ ለሰውና ለከብት አደገኛ አይደለም፤ ዕጩ ሲበላው ብቻ አንጀቱን ይጎዳዋል። ሥራው በተስፋፋባቸው ቀበሌዎች ነዋሪዎች የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው በ21 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ችግሩም እዚያው ተጽፏል፦ ሠራተኞቹ በአጥር የተዘጉ ግቢዎች ውስጥ መግባት ይቸገሩ ነበር፤ በማያውቁት ሰፈር የተመደቡትም ብዙ ውሃ ሳያዩ ያልፉ ነበር።

ተቃራኒው ማስረጃ የመጣው ከማላዊ ነው። ማጄቴ በተባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ዙሪያ ባሉ መንደሮች ነዋሪዎች በኮሚቴ ተደራጅተው ኩሬ ደፈኑ፣ ቢቲአይ ረጩ፣ የቤታቸውን ክፍተት ዘጉ። በ2021 የታተመው ውጤት ይህ ሁሉ በአጎበርና በሕክምና ላይ ሲጨመር ተጨማሪ የወባ ቅነሳ እንዳላሳየ ገለጸ። ይህን ይዘው «የማኅበረሰብ ሥራ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ አሉ፤ መደምደሚያው ግን ተቻኩሏል። ሰፊ ገጠር ውስጥ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሺህ ትንንሽ ኩሬ ይፈጠራል፤ ያንን ሁሉ ማግኘት የማንም አቅም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ዕጭን የማጥፋት ሥራ የሚመክረው መራቢያዎቹ ጥቂት፣ ቋሚና በቀላሉ የሚገኙ ሲሆኑ ነው፤ ያውም ለአጎበርና ለቤት ውስጥ ርጭት ደጋፊ ሆኖ እንጂ ምትክ ሆኖ አይደለም።

ስቴፈንሲ ይህን መስፈርት በሚገርም ሁኔታ ታሟላለች። በርሜልና ሮቶ ጥቂት፣ ቋሚና የሚታዩ ናቸው። ያሉት ግን በሰው ግቢ ውስጥ ነው። የዳሬሰላሙ አጥር ማንም ባለሥልጣን በየሳምንቱ ሊያልፈው አይችልም፤ ባለቤቱ ግን እዚያው አለ። የነዋሪው ተሳትፎ ከገጠር ይልቅ በከተማ ወሳኝ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘመቻው ግን አሁንም በአብዛኛው የገጠሩን መልክ ይዞ ቀርቷል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ

«ከሳምንት በላይ የቆየ ውሃ ይደፋ» የሚለው መመሪያ ወረቀት ላይ ልክ ነው። ውሃ በአሥር ቀን አንዴ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ወይም ከቦቴ በሚገዛበት ሰፈር ግን ማንም እናት የምታከብረው መመሪያ አይደለም። ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው ቧንቧው ስለማይታመን ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚጠየቀው መክደን መሆን አለበት።

ክዳን ሲባል ትንኝ የማያስገባ ክዳን ነው። በርሜል ላይ የተጋደመ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ከዳር ክፍተት ስላለው ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ጥላ ይፈጥርላቸዋል። ቀዳዳ የሌለው ወፍራም ጨርቅ አፉ ላይ ወጥሮ፣ ዙሪያውን በካላማዳሪ አጥብቆ ማሰር ይሻላል፤ ዝናብ ሲጥል ጨርቁ መሃል ላይ ውሃ እንዳያቁር መወጠሩ የግድ ነው። ሮቶ ሲሆን ዋናው ክዳን ተዘግቶ የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ ክፍት ይቀራል። ትንኟ የምትገባው ብዙ ጊዜ በዚያ ነውና ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያልሰፋ የሽቦ ወንፊት ሊታሰርበት ይገባል። ፀሐይ የሰነጠቀው የሮቶ ክዳንም ካልተለወጠ እንደሌለ ይቆጠራል።

መክደን የማይቻልበት ማጠራቀሚያ፣ ለምሳሌ ሰፊ ቢርካ ወይም የግንባታ ጉድጓድ፣ ፀረ-ዕጭ ኬሚካል ይጠይቃል። የወባ ሠራተኞች «አቤት» በሚለው የንግድ ስሙ የሚጠሩት ቴሜፎስ በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈቀደው ጣሪያ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ነው። 1 በመቶ ጥንካሬ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ከሆነ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም፣ ለ1,000 ሊትር ሮቶ 100 ግራም ማለት ነው። ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ በግምት መጨመር ከልኩ ያልፋል፣ አሳንሶ መጨመርም መላመድን ያፋጥናል። ውሃው በከፊል ተቀድቶ እንደገና ሲሞላ ኬሚካሉ እንደሚሳሳም መታወስ አለበት።

የግንባታ ቦታ ለብቻው መነሣት ያለበት ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት ለማጠጣት የሚሞላው ጉድጓድ ለወራት ክፍት ይቆያል፤ ሠራተኛው ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ባለቤቱም ሌላ ቦታ የሚኖር ስለሆነ ባለቤት የሌለው ውሃ ነው። ጎረቤት ቢመክርም የሚሰማው የለም። እዚህ የሚሠራው ደንብ ነው፦ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የውሃ ጉድጓዱን መሸፈን ግዴታ ማድረግ። በሕንድ ሙምባይ ስቴፈንሲን የታገለው አንዱ መሣሪያ የውሃ ታንከርን ትንኝ በማያስገባ ክዳን መዝጋትን የሚያስገድድ የማዘጋጃ ቤት ደንብ ነው።

አንድ የጎን ጥቅምም አለ። የዴንጊና የቺኩንጉንያ አስተላላፊ የሆነችው ኤዲስ ኤጂፕቲ በነዚሁ ዕቃዎች ውስጥ ትራባለች። ድሬዳዋ በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች። አንድ ክዳን ሦስት በሽታ ላይ ይሠራል። ልዩነቱ ኤዲስ እንቁላሏን የዕቃው ግድግዳ ላይ ስለምትለጥፍ ዕቃው ከመሞላቱ በፊት በብሩሽ መፈተግ አለበት፤ የአኖፌለስ እንቁላል ግን ውሃው ላይ ተንሳፋፊ ነው።

ግድግዳው፣ አጎበሩና በቆሎው

በገጠር ዋናዎቹ መሣሪያዎች አሁንም አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ናቸው። ርጭቱ የሚሠራው ትንኟ ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ነው። በብዙ ቦታ የሚረጨው በክረምት፣ ከዋናው ወቅት በፊት ነው። ቤት የሚታደሰው ደግሞ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው። ግድግዳው በጭቃ፣ በእበት ወይም በኖራ ሲለቀለቅ መድኃኒቱ ከሥር ይቀበራል፤ ወባው በሚበረታበት ሰዓት ቤቱ እንዳልተረጨ ይሆናል። «አትለቅልቁ» ማለት በዓሉን አታክብሩ የማለት ያህል ስለሚሰማ ብዙ አይሰማም። ቤት አድሱና ከዚያ እንርጭ ብሎ ቀኑን ከነዋሪው ጋር መቁረጥ ግን ይቻላል፤ መርሐ ግብሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ተቆርጦ ይመጣል።

አጎበርም እንዲሁ የሚበላሽበት መንገድ የታወቀ ነው። አዲሱ ከከረጢቱ ወጥቶ ለ24 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይናፈስ፤ ካልተናፈሰ ቆዳና ዓይን ያሳክካል፣ ሰውም በመጀመሪያው ሌሊት ይተወዋል። ሲታጠብ በቀላል ሳሙና፣ በረኪና ሳይነካው፣ በሦስት ወር አንዴ ያህል ይሁን፤ የሚደርቀውም በጥላ ነው። የተሠራው 20 እጥበት እንዲችል ነውና በየሳምንቱ የሚታጠብ አጎበር ዓመት ሳይሞላው ተራ መረብ ይሆናል። ለሁለት ሰው አንድ አጎበር ተብሎ ሲታደል አራት ማዕዘኑ ክብ ጎጆ ውስጥ ለመስቀል አስቸጋሪ መሆኑ፣ መደብ ላይና መሬት ላይ የሚተኙ ልጆች ዳሩን የሚያስገቡበት ፍራሽ እንደሌላቸው ይረሳል። እህልና ገለባ ሲሸፈንበት የሚታየው አጎበር አንዳንዴ ያረጀ፣ አንዳንዴም ለቤቱ ያልገጠመ ነው።

የሰዉን እምነት በችኮላ መናቅም ዋጋ ያስከፍላል። በብዙ አካባቢ «ወባ ከበቆሎ እሸት ይመጣል» ይባላል። በቆሎ መብላት ወባ አያመጣም። ነገር ግን በኢትዮጵያ በተለይ በቡሬ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲወድቅ የአራቢየንሲስ ዕጭ ምግብ እንደሚሆንና ዕጩ ፈጥኖ እንደሚያድግ አሳይተዋል፤ በቆሎ በብዛት የሚዘራባቸው ሠፈሮች የወባ መጠን በጥቂቱ ከሚዘራባቸው ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ገበሬው ያየው ዝምድና እውነት ነበር፤ የተሳሳተው በምክንያቱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በጓሮ ካለ ኩሬ አጠገብ በቆሎ ባይዘራ ብሎ መነጋገር፣ ከባዶ ከመጀመር ይቀላል።

ትኩሳቱ ሲመጣ

በማስረጃ ረገድ ከሁሉ የጠነከረው የማኅበረሰብ ድርሻ ያለው በሕክምናው በኩል ነው። በትግራይ የተሠራና በ2000 የታተመ ጥናት እናቶች ጎረቤቶቻቸውን አስተምረው ትኩሳት ለያዘው ልጅ በዕድሜው ልክ ክሎሮኪን ወዲያው በቤት እንዲሰጥ አደረገ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት በ40 በመቶ ቀነሰ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ሲጀመር ሕክምናው ወደ ቀበሌ ጤና ኬላ ወረደ፤ ክሎሮኪን ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት መሥራቱን በማቆሙም አሁን መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ኮአርተም የተባለው መድኃኒት ሆኗል።

እዚህም የሚሰበሩ ቦታዎች አሉ። ኮአርተም ስድስት ጊዜ በሦስት ቀን ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ በሁለተኛው ቀን የተሻለው ሰው የቀረውን ያስቀምጣል። ቫይቫክስ ለተባለው ሌላው የወባ ዓይነት የሚሰጠው ፕሪማኪን 14 ቀን ይፈጃል፤ ካልተጨረሰ ጉበት ውስጥ የተደበቀው ተሕዋስ ከሳምንታት በኋላ ያገረሻል። በፈጣኑ የደም መመርመሪያ ኪት «የለብህም» የተባለ ሰው ትኩሳቱ ካልበረደ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ አንዳንድ ኪቶች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የማያመርቱ የፋልሲፓረም ዝርያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ አሉና።

ማን ይሥራው? በስንት?

አንዱ ወገን የማኅበረሰብ ሥራ ርካሽና ዘላቂ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ «ተሳትፎ» የሚለው ቃል መንግሥት የሚገባውን ሥራ ወደ ድሃ ሴቶች ትከሻ ማውረጃ ሆኗል ብሎ ይከራከራል፤ አንዷ ለአምስት ቤት እየተባለ የተደራጁት የሴቶች የልማት ቡድኖች ያለ ክፍያ ስንት ሥራ እንደተጫነባቸው ይጠቅሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 መመሪያው የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻል ይመስላል፦ የራስን በርሜል መክደን፣ አጎበር መስቀል፣ መድኃኒት መጨረስ የቤተሰቡ ነው፤ በየሳምንቱ ሠፈር መዞር፣ መመዝገብና ኬሚካል መጨመር ግን ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። ክፍያ በሌለበት መጀመሪያ የሚቋረጠው የሳምንቱ ዙር ነው፤ ከሰባት ቀኑ ስሌት አንጻር ያ ሲቋረጥ ሁሉም ይቋረጣል።

የሚቆጠረው ነገርም ሊለወጥ ይገባል። የወረዳ ሪፖርት ዛሬ በአብዛኛው የሚለው «ይህን ያህል ሰው ወጣ፣ ይህን ያህል ካሬ ሜትር ተዳፈነ» ነው። ከዚህ ይልቅ በሳምንት ሦስት ቁጥር ይበቃል፦ የታዩ ቤቶች፣ ዕጭ የተገኘባቸው ዕቃዎች፣ ተዘግተው ያልታዩ ቤቶች። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከቅጹ ላይ የለም። ከመቶ ቤት ሠላሳው ተዘግቶ ከታለፈ የሌሎቹ ሰባው ንጽሕና ስለ ሠፈሩ ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ ያ ቁጥር ከመቶ ቤት አሥሩን ሲያልፍ ዙሩ ቅዳሜ ወይም ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ግቢዎቹን በሚያውቁ የእድር ሰዎች እየተመራ መደገም አለበት።